የብዙ ሰው ድምፅ በአንድ ሰው ጣት፦ ሲንተሳይዘር ከካይሮ እስከ ጋሞ ደጋ

አርባ ምንጭ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ በድንኳኑ ጥግ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያና አንድ ተጫዋች ቢገኙ ዛሬ ማንንም አያስገርምም። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ሳክስፎኑ፣ ዋሽንቱ ሁሉ ከአንዲት ሳጥን ይወጣል። ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ዘመድ ሲጨፍር፣ የመስቀል ሰሞን ጎረምሶች በየሰፈሩ «ዮ ማስቃላ» ሲባባሉ ከኋላ የሚሰማው ምት በአብዛኛው ከዚያው ሳጥን የወጣ ነው።

ሳጥኑ እዚያ እንዴት እንደደረሰ የሚነገረው ግን በቁርጥራጭ ነው። አንዱ አንባቢ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ በስተርጅና ዓለም ያወቀውን ኃይሉ መርጊያን ያውቃል። ሌላው የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ ያውቃል። የዶርዜዎችን የኅብር ዜማ በቴሌቪዥን ያልሰማ ደግሞ ጥቂት ነው። ነገሮቹ በየፊናቸው ሲነገሩ ዝምድና ያላቸው አይመስሉም። በዘመን ቅደም ተከተል ሲቀመጡ ግን አንድ ታሪክ ይሆናሉ፤ ታሪኩም የብዙ ሰዎች ድምፅ ወደ አንድ ሰው እጅ የገባበት ነው።

ከማሽኑ በፊት፦ አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ

ከአርባ ምንጭ ቆላ ተነስቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ዓባያና ጫሞን ከኋላ እየተወ ቀርቀሃና እንሰት ወደሞላበት ደጋ ያደርሳል። ዶርዜ እዚያ ነው። በሽመናቸውና በቀርቀሃ ቤቶቻቸው የሚታወቁት ዶርዜዎች በአዘፋፈናቸውም በአገሪቱ ካሉት ከብዙዎቹ ሕዝቦች የተለዩ ናቸው። በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል አንድ አዝማሪ ዜማውን ይዞ ይወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበለዋል። በዶርዜ ግን አንዱ ሲጀምር ሌላው በቀጭን ድምፅ ከበላይ ይመጣል፣ ሦስተኛው በመካከል አጭር ሐረግ እየጣለ ይመላለሳል፣ የቀሩት ደግሞ ከሥር ሆነው ይሸከማሉ። አንዱን ድምፅ ብቻ ነጥሎ ለሚያደምጥ ሰው ዘፈኑ ጎዶሎ ነው። ሙሉ የሚሆነው ድምፆቹ ሲገጣጠሙ ነው።

ወደ ደቡብ ዝቅ ሲባል፣ ጊዶሌ አካባቢ፣ ደራሼዎች ይኖራሉ። አገራቸው በድሮው አከፋፈል ከጋሞ ጋር በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር፤ ዛሬ የጋርዱላ ዞን ነው። የእነሱ ፊላ ከቀርቀሃ የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን በብዙ ሰው ይነፋል። እያንዳንዱ ነፊ ድርሻው ትንሽ ነው፤ ተራው ሲደርስ የራሱን ድምፅ አውጥቶ ለጎረቤቱ ይለቃል። ዜማው የሚወለደው በክብ እየዞሩ በሚጨፍሩት ሰዎች መካከል ነው። አንድ ነፊ ከቀረ በዜማው ውስጥ ቀዳዳ ይኖራል።

ይህን አሠራር እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኋላ ላይ የመጣው ማሽን የሚሠራው በተመሳሳይ ሐሳብ ነውና። ሲንተሳይዘር ድምፅን ከትንንሽ አካላት ይገነባል። መጀመሪያ ኦሲሌተር የሚባለው ክፍል ጥሬ ድምፅ ያመነጫል፤ ቀጥሎ ፊልተሩ ከጥሬው ድምፅ የማይፈለገውን ያጠልላል። ኤንቨሎፕ የሚባለው ክፍል ደግሞ ድምፁ በምን ፍጥነት እንደሚነሳ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ሲለቁት እንዴት እንደሚሞት ይወስናል። እንዲህ የተበጁ ድምፆች ናቸው ኋላ ላይ የሚደባለቁት።

እ.ኤ.አ. 1944–1964፦ ከካይሮ የመጣው ሰው

በኤሌክትሪክ መሣሪያ ድምፅን የማበጀት ታሪክ ሲጻፍ አውሮፓና አሜሪካ ይቀድማሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ ግን ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ በብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ የድምፅ መቅጃ ተውሶ የዛር ሥርዓት ቀዳ። ዛር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ኤል ዳብ በሥርዓቱ ላይ የዘፈኑትን ሴቶች ድምፅ ወደ ራዲዮ ጣቢያ ወስዶ ወፍራሙን የድምፅ ክፍል አጠለለው፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቀጭን ድምፅ ብቻ አስቀረ፣ ማስተጋቢያም ጨመረበት። ያደረገው ነገር የዛሬው ሲንተሳይዘር ፊልተር የሚያደርገውን ነው፤ ያውም የማሽኑ ስም ገና በገበያ ባልታወቀበት ዘመን።

በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠራ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና መለከት፣ በተለምዶ በአንድ መድረክ የማይገናኙ መሣሪያዎች፣ በአንድ ቡድን ተሰለፉ።

በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስሙ የተጠራ ሰው አዲስ አበባ ሲገባ ያደረገው ይህ መሆኑ የሚደንቅ ነው። ሽቦና ፊልተር ይዞ አልመጣም። ይልቅ እያንዳንዱ የአገር መሣሪያ የራሱ ጠባይ እንዳለው፣ ጠባዩን ሳያጣ ከሌላው ጋር ሊደባለቅ እንደሚችል አሳየ። ድምፅን ማደባለቅ የሚጀምረው ከጆሮ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ኤል ዳብ ከአዲስ አበባ ሲሄድ ሮበርት ሙግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በስሙ የሚጠራውን ሲንተሳይዘር ለሙዚቀኞች አሳየ።

እ.ኤ.አ. 1969–1978፦ ሸክላው፣ ኦርጋኑና ሰዓት እላፊው

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የትልልቅ ኦርኬስትራዎች ከተማ ነበረች። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት፣ የሀገር ፍቅርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞች የነሐስ መሣሪያ ይዘው ከመድረክ ይሰለፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሙዚቃው ከመንግሥት ተቋማት ወጥቶ ወደ ግል ባንዶች ዞረ። በቦስተን በርክሊ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎንና የኤሌክትሪክ ኪቦርዶችን ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር አጋባ። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ላይ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሥራውን አወጣ።

የኤሌክትሪክ ኦርጋን የዚያን ዘመን ድምፅ ሆነ። ከደብረ ብርሃን የመጣው፣ በልጅነቱ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል አኮርዲዮን የተማረው ኃይሉ መርጊያ በዋልያስ ባንድ ኦርጋኑን ይዞ በሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ዋልያስ «ቸብለው»ን አወጣ፤ ድምፃዊ የሌለበት፣ ዜማው በኦርጋን የሚዘፈን ሙዚቃ ነው። ለኋላው ታሪክ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ኪቦርዱ አጃቢነቱን ትቶ በዘፋኙ ቦታ ቆመ።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት ብዙውን ነገር ቀየረ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት ክበቦች በራቸውን ዘግተው እንግዶቻቸውን እስኪነጋ ያቆዩ ነበር፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። አምሃ እሸቴ አገር ለቆ ወጣ። ሸክላ ቀረና ካሴት ተተካ። ካሴት በርካሽ ይባዛል፤ ለትልቅ ባንድ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ከካሴት አይገኝም። ከዚህ በኋላ የነሐስ ነፊዎቹ ቁጥር ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መጣ።

ሙዚቀኞቹ ሰዓት እላፊ ሲጠብቁ በጋሞ ደጋ ሌላ ሥራ ይከናወን ነበር። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የዶርዜን የኅብር ዜማ ቀድቶ ፓሪስ ላይ በሸክላ እንዲታተም አደረገ። የአገራችን የሙዚቃ አሳታሚዎች ለከተማው ጭፈራ ሲሮጡ የዶርዜን ድምፅ ለታሪክ ያኖረው የባዕድ ሸክላ ነው። ይህን ማስታወስ ለማንም ወቀሳ ለመሆን ሳይሆን ዛሬ የሚሠራ አቀናባሪ ማመሳከሪያ እንዳለው ለማሳወቅ ነው።

እ.ኤ.አ. 1981–1985፦ ዋሽንግተን፣ አኮርዲዮንና ዲኤክስ 7

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ለሥራ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያልቅ ገሚሶቹ ሲመለሱ ኃይሉን ጨምሮ ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ መማር ጀመረ። ዘመኑ ደግሞ ኪቦርድን ከሥሩ የለወጠ ነበር።

እስከዚያ ድረስ ሲንተሳይዘር ውድና አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሚኒሙግ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር የሚያወጣው፤ ሁለት ቁልፍ ቢነኩ አንዱ ብቻ ይሰማል። የድምፁ ውፍረት ግን የሚገርም ነው፤ ተጫዋቹ ፊልተሩን በእጁ እያዞረ በሚጫወትበት ቅጽበት ጠባዩን ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ያማሃ ዲኤክስ 7ን አወጣ። መነሻው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ ያገኘው ዘዴ ነው፤ አንዱ ሞገድ ሌላውን በፍጥነት እያወዛወዘ አዲስ ድምፅ ይወልዳል። ዲኤክስ 7 በአንድ ጊዜ 16 ድምፅ ያወጣል፣ የደወልና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፁ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። ችግሩ ድምፁን ማበጀት ከባድ መሆኑ ነው። የሚዞር መቆጣጠሪያ የለውም፣ በትንሽ መስኮት ቁጥር ማስገባት ብቻ። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ከፋብሪካው የመጣለትን 32 ድምፅ ተጠቀመ። የዓለም ሙዚቃ በአንድ ጊዜ መመሳሰል የጀመረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ይህ ልማድ ከ10 ዓመት በኋላ አርባ ምንጭም ይደርሳል።

ኃይሉ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አንድ ትንሽ የቤት ስቱዲዮ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠራ። አኮርዲዮን፣ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የሙግ ሲንተሳይዘር፣ ዲኤክስ 7ና ድራም ማሽን ነበሩት። ሁሉንም የተጫወተው እሱ ነው፤ አንዱን ይቀዳል፣ በላዩ ላይ ሌላውን ይደርባል።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ማድመጥ ትምህርት አለው። አኮርዲዮን የሚናገረው በአየር ነው፤ ድምፁ ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ቀስ ብሎ ይከስማል። ድራም ማሽን በተቃራኒው ደረቅና የማይዛነፍ ነው። ሁለቱ ብቻ ቢሆኑ ይጣላሉ። ኃይሉ በመካከላቸው ሮድስና ሲንተሳይዘር አስገባ፤ የአኮርዲዮኑን ለስላሳነት እና የማሽኑን ድርቀት የሚያስታርቅ ድምፅ አገኘ። ማንም ከማንም አይበልጥም፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቦታ፣ የራሱ ከፍታ አለው። ብቻውን ተቀምጦ ብዙ ሆኖ መሰማት የቻለው በዚህ ነው።

እዚያው ከተማ ሌሎች ወጣቶችም ነበሩ። ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሄኖክ ተመስገን፣ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታና ዮሴፍ ተስፋዬ «አድማስ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1984 «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለ ሸክላ አወጡ። የኢትዮጵያን ዜማ ከሬጌ፣ ከሳምባና ከሃይላይፍ ጋር አደባለቁ፤ ሲንተሳይዘሮቹም የአገሩን ቅኝት ይዘው ይዘፍናሉ። ሸክላውም ካሴቱም በወቅቱ እንደሚገባቸው አልተደመጡም። ኃይሉ ኋላ ላይ ታክሲ እየነዳ ኑሮውን ገፋ፣ ኪቦርዱንም በመኪናው ኋላ እየያዘ ደንበኛ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ፦ ዋንማን ባንድ

ደርግ ሲወድቅ ሰዓት እላፊው ቀረ፣ የጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍሎችም ከሠራዊቱ ጋር ተበተኑ። ሌሊቱ ተከፈተ፤ በየከተማው መጠጥ ቤትና ሆቴል በዛ። ለአንድ ትንሽ ሆቴል ሰባት ሙዚቀኛ መቅጠር የማይታሰብ ነው። አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና አንድ ዘፋኝ ግን ይቻላል። ዋንማን ባንድ የተባለው አሠራር በዚህ ተስፋፋ።

መሣሪያውም ለዚህ የተሰናዳ ነበር። የያማሃ ፒኤስአር ዓይነቶቹ ኪቦርዶች ምቱን ራሳቸው ይመታሉ፣ ግራ እጅ አንድ ቁልፍ ሲነካ ቤዙና አጃቢው አብሮ ይነሳል። ድምፅ ማጉያም በውስጣቸው አለ። አንዳንዱ ሞዴል መብራት ሲጠፋ በስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ መብራት ለማይደርስበት ቀበሌ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በደቡብ ደግሞ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሌላ በር ከፈቱ። በጋሞ ብዙ ኪቦርድ ተጫዋች የመጀመሪያ ጣቱን ያፍታታው በመዘምራን መካከል ነው፤ ከዚያ ወደ ሠርግ፣ ከሠርግ ወደ ስቱዲዮ ተሻገረ። በጋሞኛ የተዘፈኑ ካሴቶችና ሲዲዎች ሲበዙ አቀናባሪዎቹ እነዚህ ልጆች ነበሩ። ማንም ሳያስተምራቸው በጆሮ ብቻ ሙያ ያዙ። ይህ ክብር ይገባዋል።

ያም ሆኖ የጠፋው ነገር ብዙ ነው። የኅብር ዜማው በሁለት መንገድ ተጎዳ። አንደኛው በቃና ነው፤ የመንደሩ ዘፋኞች የሚይዙት የድምፅ ርቀት ከፒያኖው 12 እኩል ክፍልፋይ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፣ ኪቦርዱ ሲገባ ግን ዘፋኞቹ ወደ እሱ ይጎተታሉ። ሁለተኛው በማደባለቁ ነው። ስቱዲዮው ከከተማው ዘፈን የወረሰው ልማድ አለ፦ ዘፋኙ ከፊት ጎልቶ፣ ተቀባዮቹ ከኋላ በማስተጋቢያ ተሸፍነው። ለአዝማሪ ዘፈን ይሠራል። ለዶርዜ ዘፈን ግን የአራት ሰው ንግግርን ወደ አንድ ሰው ንግግርና ወደ ሦስት ሰው ጉርምርምታ መለወጥ ነው።

ፊላውም እንዲሁ። በኪቦርዱ ውስጥ የተቀመጠው የቀርቀሃ ዋሽንት ድምፅ አንድ ሰው ሙሉ ዜማ ሲጫወትበት የተቀዳ ነው። በክብ የቆሙ ሰዎች ድምፅ ለድምፅ ሲቀባበሉ የሚሰማውን መንቀጥቀጥ አይሰጥም።

በአዲስ አበባ ግን መፍትሔ የፈለጉ ነበሩ። ከዋሽንግተን ጋር የተሳሰረው አበጋዝ ክብረወርቅ የብዙ ታላላቅ ድምፃውያንን ሥራ ሲያቀናብር ኪቦርዱን ለዘፋኙ ቦታ እንዲለቅ አደረገው፤ ኋላም ከሄኖክ ተመስገንና ከግሩም መዝሙር ጋር የጃዝአምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤትን መሠረተ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለፈው ኤልያስ መልካ ከቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ» ጀምሮ በኮምፒውተር የተሠራን ምት ከሕያው መሣሪያ ጋር አዋሕዶ ለአንድ ትውልድ የስቱዲዮ ሥራን አስተማረ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ሲሞት የተሰማው ሐዘን የሥራውን ስፋት ይናገራል።

እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ እስከ 2020፦ ጋሞ በአዲስ ጆሮ

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አርባ ምንጭ የሺህ ኮከቦች ፌስቲቫልን አስተናገደች። በጋሞ ደጋ ተራራ ስም የተሰየመው የጉጌ የባህል ኪነትና ሙዚቃ ማኅበር ባዘጋጀው በዚህ በዓል የደቡብ ሕዝቦች ዘፋኞችና ነፊዎች በአንድ ሜዳ ተገናኙ። ለብዙ ወጣት ኪቦርድ ተጫዋች የጎረቤት ብሔረሰብን ሙዚቃ ያለ ሳጥን፣ በቀጥታ የሰማበት አጋጣሚ ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ የደራሼን የቀርቀሃ ሙዚቃ ለውጭ አድማጭ ሲያወራለት የኖረ ሰው ነው፤ የጃዝ ሊቃውንት የሚያደንቁትን የድምፅ አደራደር እነዚህ ሰዎች ቀድመው ያውቁታል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው «ስኬቸስ ኦፍ ኢትዮጵያ» ከሥራዎቹ አንዱን «ጋሞ» ብሎ ሰየመው፣ በሌላው ላይ የደራሼን ስም አኖረ። በዚያው ዓመት ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አሳታሚ የኃይሉን «ሸሞንሟናዬ» እንደገና አወጣው፤ ባለቤቱ ካሴቱን ያገኘው ባሕር ዳር ነበር። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን አከለ። የ«አድማስ» ሸክላም በ2020 ዳግም ታተመ።

ወጣቶቹም አልቦዘኑም። ሙዚቀኞቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የአዝማሪና የገጠር ድምፆችን ቆራርጠው፣ አጠልለውና ደርበው የራሳቸውን የኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሩ፤ የሚካኤል «ዘላለም» እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውዮርክ ላይ ታተመ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሮፍናን በ«ነፀብራቅ» ይህንኑ መንገድ ወደ ብዙኃኑ ጭፈራ ቤት አስገባው። ኤል ዳብ ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ ያደረገው ነገር በላፕቶፕ ተመልሶ መጣ።

አሁን የቀረው ሥራ በአርባ ምንጭ ስቱዲዮዎች ውስጥ ነው፤ ለመጀመርም አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ፊላ ለመሥራት የሚፈልግ አቀናባሪ የፋብሪካውን ዋሽንት ትቶ ከለስላሳ ሞገድ ይነሳ፤ የትንፋሽ ሹክሹክታ እንዲሰጠው «ኖይዝ» ከሚባለው ድምፅ ጥቂት ይጨምርበት፤ አነሳሱን ፈጣን፣ አለቃቀቁን አጭር ያድርገው። ከዚያ እያንዳንዱን ድምፅ በየራሱ መስመር ይቅዳ፣ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በመካከል ያስቀምጥ። ብዙዎቹ ኪቦርዶች የእያንዳንዱን ቁልፍ ቃና በጥቂቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው፤ መጀመሪያ የመንደሩን ነፊዎች ቀድቶ ቁልፎቹን በእነሱ ቃና ያስተካክል። የዶርዜን ዘፈን ሲያደባልቅም ሁሉንም ዘፋኞች እኩል ፊት ያቁማቸው፣ ማስተጋቢያውን ይቀንስ።

በጨንቻና በጊዶሌ ይህን ዘፈን አሳምረው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። የአርባ ምንጭ አቀናባሪዎች ኪቦርዱን ከመክፈታቸው በፊት ማይክሮፎን ይዘው ወደ እነሱ ይውጡ፤ ቀረጻውንም የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እንዲያኖረው ያስረክቡ።